አዲሱ አለቃ የማን ሰው ነው?

አንድ ትልቅ የእግር ኳስ ክለብ አዲስ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሲሾም ክለቡ ባጭር መግለጫ ያሳውቃል፤ ደጋፊው ደግሞ በዚያችው ዕለት ፍርዱን ሰጥቶ ያድራል። አንዱ "የባንክ ሰው ነው፣ ኳስ አያውቅም" ይላል። ሌላው "ከተቀናቃኛችን ነጥቀን ያመጣነው ነው፣ ደግ አደረግን" ብሎ ይደሰታል። ሦስተኛው ገና ሰውየው ቢሮው ሳይገባ "የባለቤቶቹ ተላላኪ ነው" ብሎ ይደመድማል። ይህን የችኮላ ፍርድ የክለብ ባለሥልጣናትም ሆኑ ብዙ የስፖርት ተንታኞች በንቀት ነው የሚያልፉት። የሒሳብ መዝገብ አንብቦ የማያውቅ፣ የስፖንሰር ውል ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው ስለ ሥራ አስፈጻሚ ምን ሊፈርድ ይችላል ይላሉ። በተቃራኒው ደግሞ ደጋፊው በደመ ነፍሱ አይሳሳትም የሚል ወገን አለ። ያለፉት ሃያ ዓመታት ሹመቶች ሲመረመሩ ሁለቱም ወገኖች ልክ አይደሉም። ደጋፊው ሰውየው ከየት እንደመጣና ምን እንደተናገረ አይቶ ሲፈርድ አዘውትሮ ይሳሳታል። ሰውየው መጀመሪያ የሰው ኪስ የነካ ዕለት፣ የማንን ኪስ እንደነካ አይቶ ሲፈርድ ግን የሚሳሳትበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ሥራው ከዓይን የተሰወረ መሆኑ ለዚህ አንዱ ምክንያት ነው። የእንግሊዝ ክለቦች ለረጅም ዘመን የሚተዳደሩት በከተማው ነጋዴዎች ቦርድና ደብዳቤውንና ክፍያውን በሚይዝ ጸሐፊ ነበር። ፕሪሚየር ሊግ በ1992 ተመሥርቶ የቴሌቪዥን ገንዘብ ሲጎርፍ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በኋላም ክለቦቹ ከባሕር ማዶ ባለሀብቶች እጅ ሲገቡ፣ በባለቤቱና በሜዳው መካከል የሚቆም ሙያተኛ አስፈለገ። ይህ ሰው አሰላለፍ አያወጣም። የስፖንሰር ውል ይፈርማል፣ የደመወዝ ጣሪያ ይወስናል፣ ስፖርቲንግ ዳይሬክተሩን ይቀጥራል፣ ስለ ስታዲየሙ ከማዘጋጃ ቤት ጋር ይከራከራል፣ የቲኬት ዋጋ ለቦርዱ ያቀርባል። አጥቂን በአንድ ጨዋታ መመዘን ይቻላል፤ አሰልጣኝን በአሥር ጨዋታ። የሥራ አስፈጻሚን ሥራ ፍሬ ለማየት ግን ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ያኔም ቢሆን የትኛው የእሱ፣ የትኛው የባለቤቱ፣ የትኛው የዕድል እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ደጋፊው ታዲያ ያን ያህል አይጠብቅም። በእጁ ያለውን ምልክት ይዞ ይፈርዳል፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው ምልክት ደግሞ የሰውየው አመጣጥ ነው።

አመጣጥ ከተቀናቃኝ ቤት ሲሆን ስሜቱ ይጋላል። ሮማን አብራሞቪች ቼልሲን በ2003 እንደገዛ ፒተር ኬንየንን ከማንቸስተር ዩናይትድ ሲያስኮበልል ለለንደኑ ደጋፊ ከአንድ ኮከብ ተጫዋች ዝውውር ያላነሰ ድል ነበር። ቼልሲ ከ1955 ወዲህ ያላየውን የሊግ ዋንጫ በ2005 አነሳና ደስታው ትክክል የነበረ መሰለ። ነገር ግን የዋንጫውን ቡድን የሠራው የአብራሞቪች ገንዘብና የጆዜ ሞሪንሆ እጅ ነበር። ኬንየንን ደጋፊው ይበልጥ የሚያስታውሰው በ2008 የሞስኮው የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ቡድኑ በመለያ ምት ከተሸነፈ በኋላ፣ ከተጫዋቾቹ ፊት ደረጃውን ወጥቶ የሁለተኛነት ሜዳልያ አንገቱ ላይ ሲያስጠልቅ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ራሱ ዩናይትድ ያንኑ ደስታ ቀመሰ። በጥር 2024 ኦማር በራዳ ከማንቸስተር ሲቲ ሊመጣ መሆኑ ሲታወቅ የቀያይ ሰይጣኖቹ ደጋፊ "በመጨረሻ ሥራ የሚያውቅ ሰው አገኘን" ብሎ ነበር፤ ከጎረቤት መነጠቁ ደግሞ ደስታውን እጥፍ አደረገው። በ2025 በተቃራኒው ቪናይ ቬንካቴሻም ቶተንሃምን ሊመራ ሲመጣ ለብዙ የቶተንሃም ደጋፊ ዋናው ወሬ ዓመታት በአርሰናል መሥራቱ ነበር። ሰውየው በአርሰናል ቤት ምን እንደሠራ፣ ምን እንዳበላሸ የጠየቀ ጥቂት ነው።

የቤት ልጅ ሲሾም ስህተቱ አቅጣጫውን ይለውጣል እንጂ አይቀርም። ኦሊቨር ካን የባየርን ሙኒክን ግብ ለ14 ዓመት የጠበቀ ሰው ነው፤ በሐምሌ 2021 የሥራ አስፈጻሚነቱን ወንበር ከካርል-ሃይንዝ ሩመኒገ ሲረከብ ቅሬታ የሚያቀርብበት ደጋፊ አልነበረም ማለት ይቻላል። ባየርን በግንቦት 27 ቀን 2023 በመጨረሻው ጨዋታ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች በጃማል ሙሲያላ ጎል የቡንደስሊጋውን ዋንጫ ነጠቀ፤ ካን የተሰናበተውም በዚያችው ዕለት ነው። በአምስተርዳም ደግሞ በልጅነቱ በአያክስ ወጣት ቡድን ያለፈው አሌክስ ክሩስ ውርደት ላይ የነበረውን ክለብ ሊያነሳ በመጋቢት 2024 ሥራ ጀመረ፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ታገደ። ሹመቱ ለሕዝብ ከመነገሩ ሳምንት ቀደም ብሎ ከ17 ሺህ በላይ የክለቡን አክሲዮን ገዝቶ መገኘቱ ነበር ምክንያቱ። እንዲህ ያለ ክስ በባዕድ ሰው ላይ ቢቀርብ ስታዲየሙ ይናወጥ ነበር፤ የክሩስ ነገር ግን ከደጋፊው ዘንድ ከቁጣ ይልቅ አዘኔታ አገኘ፣ ወቀሳውም ባገደው ተቆጣጣሪ ቦርድ ላይ አረፈ። የቤት ልጅነት ለካን የሥራ ብቃት፣ ለክሩስ ደግሞ ጥንቃቄ ሊሆን አልቻለም።

አንደበት ሁለተኛው ማታለያ ነው። አበው "ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል" ቢሉም በዚህ ሥራ ከአነጋገር መፍረድ ብዙ ጊዜ ያስታል። ጋሪ ኩክ በ2008 ከናይኪ ወደ ማንቸስተር ሲቲ ሲመጣ አፉ ከእግሩ የሚቀድም ሰው እንደነበር የማያስታውስ የሲቲ ደጋፊ የለም። በሰብዓዊ መብት ጥሰት የሚወቀሱትን የወቅቱን ባለቤት ታክሲን ሺናዋትራን ለጎልፍ ጨዋታ የሚመቹ ጥሩ ሰው ብሎ አሞገሰ፤ ካካን ከሚላን ለማምጣት የተደረገው ሙከራ በጥር 2009 ሲከሽፍ ፈሪዎቹ ሚላኖች ናቸው ብሎ ወቀሰ፤ አንድ ምሽት ደግሞ የቀድሞውን የሲቲ አጥቂ ኡቨ ሮዝለርን ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ የክብር መዝገብ አስገባሁት ብሎ በአዳራሹ ሙሉ ተጮኸበት። በአንደበቱ ቢፈረድ ኖሮ ቀልደኛ ነጋዴ ብቻ ይባል ነበር። ነገር ግን በ2012 የመጀመሪያውን ፕሪሚየር ሊግ ያመጣው ቡድን ዋና ዋና ምሰሶዎች የቆሙት እሱ ወንበሩ ላይ በነበረበት ጊዜ ነው። በሌላ ወገን ሪቻርድ አርኖልድ የዩናይትድ ሥራ አስፈጻሚ በሆነ በወራት ውስጥ፣ በሰኔ 2022፣ ቤቱ አጠገብ ሊቃወሙት የተሰበሰቡ ደጋፊዎችን መጠጥ ቤት ድረስ ሄዶ አነጋገራቸው፤ ክለቡ ገንዘብ ማባከኑንም ሳይሸሽግ ተናገረ። በስውር የተቀረጸው ቪዲዮ ሲወጣ ብዙዎች ግልጽነቱን ወደዱለት። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ መልቀቁ ሲነገር ያ ግልጽነት ለክለቡ ምን እንዳመጣ የሚያስረዳ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር።

ከንግግር ሁሉ የሚታመነው ለደጋፊ ያልተነገረው ይመስለኛል። ኤድ ውድዋርድ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ2005 የግሌዘር ቤተሰብ ዩናይትድን በብድር ሲገዛ በአማካሪነት የሠራ የባንክ ባለሙያ ነበር፤ በ2013 የዴቪድ ጊልን ቦታ ሲይዝ ደጋፊው ጥርጣሬውን አልደበቀም። በዚያው ክረምት ውድዋርድ አስቸኳይ የዝውውር ጉዳይ አለኝ ብሎ ከአውስትራሊያው ጉዞ አቋርጦ ተመለሰ፤ ሁሉም በጉጉት ጠበቀ። መስኮቱ ሲዘጋ ከቡድኑ ጋር የተቀላቀለው ዋና ተጫዋች ማሩዋን ፌላይኒ ብቻ ነበር፤ የተከፈለበት 27.5 ሚሊዮን ፓውንድም ከጥቂት ሳምንታት በፊት በነበረው የውል ማፍረሻ ሊገዛ ከሚችልበት ዋጋ የበለጠ ነበር። በ2018 ውድዋርድ ለባለሀብቶች በሰጠው ማብራሪያ የሜዳው ውጤት በንግድ ገቢው ላይ ይህን ያህል ተጽዕኖ እንደሌለው ሲናገር፣ ደጋፊው ከአምስት ዓመት በፊት የጠረጠረውን በራሱ አንደበት አረጋገጠለት። ገቢው በ2013 ከነበረበት 363 ሚሊዮን ፓውንድ በ2019 ወደ 627 ሚሊዮን አድጓል፤ በንግዱ ሰውየው ሰነፍ አልነበረም። የሊግ ዋንጫ ግን ወደ ኦልድ ትራፎርድ አልተመለሰም። የመልቀቁ ዜና በሚያዝያ 2021 የመጣውም የአውሮፓ ሱፐር ሊግ ዕቅድ በሁለት ቀን በፈራረሰበት ሰሞን ነው።

ገንዘቡ የሚናገረውን በግልጽ የሚያሳየው ግን የበራዳ ነገር ነው። ሥራውን በሐምሌ 2024 ሲጀምር የደጋፊው ፊት ፈገግታ ነበር፤ ክለቡ በተመሠረተ በ150ኛው ዓመት፣ በ2028፣ ሊጉን ማሸነፍ አለብን ብሎ ግብ ሲያስቀምጥም ያጨበጨበ አለ። በዚያው መኸር መጨረሻ የውድድር ዘመኑ መሐል ላይ የክለቡ አባላት ለሚገዙት ቀሪ ቲኬት ሁሉ 66 ፓውንድ ዋጋ ወጣ። ለሕፃናትና ለአረጋውያን የነበረው ቅናሽም ቀረ፤ በ25 ፓውንድ ይገባ የነበረ ልጅ የአዋቂ ዋጋ ይከፍል ማለት ነው። ቀድሞ ከተጀመረው የሠራተኛ ቅነሳ ሌላ ሁለተኛ ዙር ተከተለ። ተቃውሞው በታኅሣሥ መጀመሪያ ከኤቨርተን ጨዋታ በፊት ተጀምሮ በመጋቢት ከአርሰናል ጋር በተደረገው ጨዋታ ጥቁር በለበሰ ሰልፍ ደመቀ። ክለቡ የሚሰጠው መልስ ኪሳራ ላይ ነን የሚል ነበር፤ እውነትም በ2023–24 የተመዘገበው ኪሳራ 113.2 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ነገር ግን በዚያው መንፈቅ ኤሪክ ቴን ሃግ ውሉ ከተራዘመለት ከወራት በኋላ ተሰናበተ፣ በብዙ ድርድር የመጣው ስፖርቲንግ ዳይሬክተር ዳን አሽዎርዝም በአምስት ወሩ ሄደ፤ ለአሰልጣኙ፣ ለረዳቶቹና ለአሽዎርዝ ስንብት የወጣው 14.5 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ሒሳቡን ለሠራው፣ ይህ ኦልድ ትራፎርድ ሦስት ጊዜ ጢም ብሎ ቢሞላና ሁሉም ተመልካች 66 ፓውንድ ቢከፍል የሚገኘው ገንዘብ ያህል ነው። ቡድኑ ዘመኑን በ42 ነጥብ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። ደጋፊው በጥር የፈረደውና በታኅሣሥ የፈረደው ስለ አንድ ሰው ነው፤ የጥር ወሩ በአመጣጥ፣ የታኅሣሡ በአያያዝ ነበር።

ሊቨርፑል ይህንኑ በሌላ መልኩ ያሳያል። በ2016 መጀመሪያ ለአዲሱ ትልቅ ትሪቡን 77 ፓውንድ የሚያወጣ ቲኬት ሲታወጅ ሥራ አስፈጻሚው ኢያን ኤይር ነበር፤ የከተማው ተወላጅ፣ ከልጅነቱ የቀዮቹ ደጋፊ። ከሰንደርላንድ ጋር በተደረገው ጨዋታ ሊቨርፑል ሁለት ለባዶ እየመራ በ77ኛው ደቂቃ ወደ አሥር ሺህ የሚገመት ሰው ተነስቶ ወጣ፤ ጨዋታውም ሁለት እኩል አለቀ። አሜሪካውያኑ ባለቤቶች በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠይቀው ከፍተኛውን ዋጋ 59 ፓውንድ ላይ አቆሙት። ተተኪው ፒተር ሙርም የሊቨርፑል ልጅ ነው፤ ስሙን ያገኘው ግን በቪዲዮ ጌም ኩባንያዎች ነው። በእሱ ዘመን ክለቡ የ2019ን የሻምፒዮንስ ሊግና ከሠላሳ ዓመት ጥበቃ በኋላ የሊጉን ዋንጫ አነሳ። ሆኖም በሚያዝያ 2020 በወረርሽኙ ወቅት ተጫዋች ያልሆኑ ሠራተኞችን ደመወዝ በመንግሥት ድጎማ ለማስከፈል የተላለፈው ውሳኔ በሁለት ቀን ውስጥ ተሽሮ የይቅርታ ደብዳቤውን የፈረመው እሱ ነው። ሁለት የከተማው ልጆች፣ ሁለት የገንዘብ ስህተቶች። ደጋፊው ሁለቱንም ጊዜ የትውልድ ቦታቸውን ሳይሆን ውሳኔውን አይቶ ተናገረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ባለቤቶቹ ሰሙት።

የበርሚንግሃም ሲቲ ታሪክ ለዚህ ክርክር ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል፤ እዚያ የገንዘብ ምልክቱና የኳስ ምልክቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሄዱት። በሐምሌ 2023 አሜሪካውያን ባለሀብቶች ክለቡን ሲይዙ ሥራ አስፈጻሚ አድርገው ያመጡት ያንኑ ጋሪ ኩክን ነበር። የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራ ለዓመታት ችላ የተባለውን ስታዲየም መጠገን፣ የተዘጋውን የመቀመጫ ክፍል ለመክፈት ማሰናዳት ነበር፤ ደጋፊው ልቡ ተነካ። በጥቅምት ግን ቡድኑን ስድስተኛ ደረጃ ላይ ያስቀመጠው አሰልጣኝ ጆን ዩስታስ ተሰናብቶ ዌይን ሩኒ መጣ፤ ሩኒ በ15 ጨዋታ ሁለት ብቻ አሸንፎ በጥር ሄደ፤ በግንቦት ክለቡ ወደ ሦስተኛው እርከን ወረደ። ዩስታስ ሲባረር የተናደደው ደጋፊ በኳሱ ፍርድ ልክ ነበር። ነገር ግን የወረደ ክለብ ደጋፊ ባለቤቶቹን ለማባረር ሲሰለፍ በየቦታው እያየን፣ በርሚንግሃም ላይ ያ አልሆነም፤ ሰው የመጀመሪያዎቹን ወራት ወጪ አይቶ የእነዚህ ሰዎች ስህተት የስግብግብነት አይደለም ብሎ ታገሠ። ክለቡ በሚቀጥለው ዓመት 111 ነጥብ ሰብስቦ ተመለሰ፤ በእንግሊዝ ፕሮፌሽናል ሊጎች ታሪክ በአንድ ዘመን የተገኘ ከፍተኛው ነጥብ ነው። ገንዘቡ የሰጠው የመጀመሪያው ፍንጭ የሩኒን ዘመን ተሻግሮ ቆየ።

ለክርክሬ የማይስማማ የሚመስለው ጉዳይ ሚላን ነው፤ ስለዚህ ዘለግ አድርጎ ማየት ይገባል። ኢቫን ጋዚዲስ አርሰናልን ከጥር 2009 ጀምሮ የመራ፣ በጆሃንስበርግ የተወለደ ሰው ነው። በ2018 መጨረሻ ወደ ኤሲ ሚላን ሲሄድ ክለቡ ቻይናዊው ባለቤት ብድሩን መክፈል ባቃተው ጊዜ በተረከበው በኤሊየት የኢንቨስትመንት ድርጅት እጅ ነበር። ለሚላን ደጋፊ ጋዚዲስ የጣሊያን ኳስ የማያውቅ ባዕድ ነው፤ ሥራውም ደመወዝ መቁረጥ። ቡድኑ በታኅሣሥ 2019 በአታላንታ አምስት ለባዶ ተቀጣ፤ ጋዚዲስ ከአሰልጣኙ ከራልፍ ራንግኒክ ጋር እየተነጋገረ መሆኑ ሲሰማ የክለቡ አንጋፋ ዝቮኒሚር ቦባን በአደባባይ ተቃወመና በመጋቢት 2020 ተባረረ። የደጋፊው ልብ የኳሱን ጉዳይ ከያዙት የቀድሞ ተጫዋቾች ከቦባንና ከፓኦሎ ማልዲኒ ጋር ነበር። በኋላ ግን ራንግኒክ ቀርቶ የነበረው አሰልጣኝ ስቴፋኖ ፒዮሊ ጸና፣ የ194.6 ሚሊዮን ዩሮ ኪሳራ በሁለት ዓመት ወደ 66.5 ሚሊዮን ወረደ፣ በግንቦት 2022 ሚላን ከ11 ዓመት በኋላ የጣሊያንን ሊግ ዋንጫ (ስኩዴቶውን) አነሳ። እንግዲህ የገንዘብ ቆራጩ ዋንጫ ካመጣ የደጋፊው የመጀመሪያ ፍርድ ከሸፈ ማለት አይደለምን?

እኔ እንዲህ አላየውም። የሚላን ደጋፊ ከቅነሳው ያነበበው ሰውየው የሚሠራው ክለቡን አሳምሮ ሊሸጥ ለሚፈልግ አበዳሪ ነው የሚል ነበር፤ ኤሊየት ክለቡን ዋንጫው በተነሳበት በዚያው ዓመት በ1.2 ቢሊዮን ዩሮ ሸጠው። ንባቡ ትክክል ነበር። የተሳሳተው ከዚህ ንባብ ተነስቶ "ስለዚህ ዋንጫ አናይም" ያለ ደጋፊ ነው፤ የማን ሰው እንደሆነ ማወቅ ዋንጫ ይመጣ አይመጣ እንደሆነ አይናገርምና። ዋንጫውም ቢሆን የጋዚዲስ ብቻ አልነበረም፤ ደጋፊው የተማመነባቸው ማልዲኒና ቦባን ያመጡት ዝላታን ኢብራሂሞቪች የመልበሻ ክፍሉን መንፈስ የለወጠ ሰው ነው። አንዱ ጎን ሒሳቡን፣ ሌላው ጎን ቡድኑን ይዞ ሳይዋደዱ የሠሩት ነው። ማልዲኒ በ2023 ከተሰናበተ በኋላ፣ የጋዚዲስ ተተኪ ጆርጆ ፉርላኒ በያዘው ክለብ፣ ሚላን በ2024–25 ስምንተኛ ሆኖ ሲጨርስ የተቃውሞው ድምፅ ወደ ባለቤቱና ወደ ሥራ አስፈጻሚው ነበር የዞረው።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ጠንካራ ነው፦ ሥራ አስፈጻሚ የባለቤቱን ትእዛዝ ፈጻሚ ብቻ ከሆነ በእሱ ላይ መፍረድ ምን ዋጋ አለው? ውድዋርድን ብንወስድ፣ ከቆየበት ዘመን በላይ፣ እስከ 2023 ድረስ 11 ዓመት ሙሉ የኦልድ ትራፎርድ የውድድር ዘመን ቲኬት ዋጋ አልጨመረም፤ ደጋፊው ግን አንድም ቀን አላመሰገነውም። ይህ ከላይ ያልኩትን የሚያፈርስ ይመስላል። ነገር ግን ደጋፊው የሚያነበው ዋጋው ወጣ ወይስ ወረደ የሚለውን ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ ከማን ተነስቶ ወደ ማን ይሄዳል የሚለውን ነው። የቲኬቱ ዋጋ ቆሞ የዕዳ ወለድና የባለቤቶች የትርፍ ድርሻ ከክለቡ ሲወጣ ያየ ሰው በቲኬቱ አይታለልም። ባለቤቱ ዝም የሚል ሲሆን ደግሞ፣ የግሌዘር ቤተሰብ ለዓመታት እንደኖረው፣ ሥራ አስፈጻሚው ባለቤቱ የሚታይበት ብቸኛው መስኮት ነው። ስለ አዲስ ሰው የሚሰጠው ፍርድ በአመዛኙ ስለ ላከው ሰው የሚሰጥ ፍርድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ይህ በግለሰቡ ላይ አንዳንዴ ግፍ ይሆናል፤ በጥር 2020 ጭንብል ያጠለቁ ሰዎች የውድዋርድ ቤት ድረስ ሄደው ርችት መወርወራቸው ፍርድ ሳይሆን ወንጀል ነበር።

ክለብ እንደ ማንኛውም ድርጅት ገቢና ወጪውን ማመጣጠን አለበት የሚለውም ክርክር ቀላል አይደለም። የፕሪሚየር ሊግ ደንብ በሦስት ዓመት ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መክሰርን ሲከለክል ኖሯል፤ ጥብቅ ሥራ አስፈጻሚም ያስፈልጋል። በ2005 ቦሩሲያ ዶርትሙንድ ሊከስም ሲል ወንበሩን የያዘው ሃንስ-ዮአኪም ቫትዝከ ስሙ ከከተማው ውጭ የማይታወቅ የክለቡ ገንዘብ ያዥ ነበር፤ መቁረጥ ነበረበት፣ ቆረጠም። ነገር ግን ወደ 25 ሺህ ሰው ቆሞ የሚዘምርበት የደቡብ ትሪቡን ለተራ ሰው የሚቻል ዋጋ እንደያዘ ቀረ፤ የ2011 እና የ2012 ዋንጫዎችም መጡ። መቆጠብ አንድ ነገር ነው፣ ቁጠባውን ከማን መጀመር ሌላ ነገር። ጀርመኖች በዚህ ላይ አንድ ብልጫ አላቸው፤ ከጥቂት ክለቦች በስተቀር አብዛኛው የድምፅ መብት በአባላቱ እጅ ስለሆነ የደጋፊው የመጀመሪያ ስሜት በጠቅላላ ጉባኤ የሚጠየቅ ጥያቄ ይሆናል።

አዲስ አበባ ተቀምጦ አርሰናልን ወይም ዩናይትድን ለሚደግፈው ብዙ ሺህ ሰው ይህ ሁሉ በከፊል የተዘጋ መጽሐፍ ነው። 66 ፓውንዱ እሱን አይነካውም፤ ትሪቡኑም አይጠብበትም። ስለዚህ የሥራ አስፈጻሚው መለኪያ ለእሱ ዝውውር ነው፤ የዝውውር መስኮቱ ሲዘጋ ስንት ተጫዋች ገባ? በካፌ ቴሌቪዥን ፊት የሚሰማው ፍርድ ከማንቸስተሩ ይልቅ ለዘብ ወይም ከረር የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው፤ የውድዋርድን ክረምት ያልረሳ ሰው የበራዳን ቲኬት ላያስታውስ ይችላል። በራሳችን ሊግ ደግሞ አብዛኛው ክለብ በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ስለሚቆም ደጋፊው ሥራ አስኪያጁን በስሙ እንኳ የማያውቅበት ጊዜ ብዙ ነው። እዚያ የሰው ኪስ የመንካቱ ፈተና የሚመጣው በቲኬት ሳይሆን በተጫዋች ደመወዝ ነው፤ በወሩ ይከፈላል ወይስ ወራት ይከርማል?

በእንግሊዝ በሐምሌ 2025 የጸደቀው የእግር ኳስ አስተዳደር ሕግ ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ አቋቁሟል። ተቆጣጣሪው ባለቤቶችን ብቻ ሳይሆን ዳይሬክተሮችንና ከፍተኛ ሥራ አስፈጻሚዎችንም ለቦታው ይመጥናሉ ወይ ብሎ ይፈትሻል፤ ክለቦች የቲኬት ዋጋን በመሳሰሉ ጉዳዮች ደጋፊዎቻቸውን እንዲያማክሩም ይጠበቃል። ፍተሻው የሚያየው ሐቀኝነትን፣ የገንዘብ አያያዝንና ችሎታን ነው። ሰውየው ለማን እንደሚሠራ የሚጠይቅ ቅጽ የለውም። ቅድመ ምክክሩ ግን ደጋፊውን እስከ ዛሬ ሳይጠራ ይቀር ወደነበረው ጠረጴዛ ያቀርበዋል፤ የ66 ፓውንዱ ዓይነት ውሳኔ ከመታወጁ በፊት ክለቡ ደጋፊውን ማማከር ይጠበቅበታል።